«ቦሮው» ያለኝ አለቃዬ ለካ ሊያበድረኝ ነበር

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ስሜ ይቆይልኝ።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ዱከም በሚገኝ አንድ የጫማ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። የቅርብ አለቃዬ ቻይናዊ ነው። ወደ 40 የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ እንግሊዝኛ አስተምረዋለሁ፤ እሱም ቻይንኛ ያስተምረኛል። ክፍያ የለውም። ተግባብተን የጀመርነው ነው። ለዚሁ ብለን የያዝነው ደብተርም አለን።

ባለፈው ወር እናቴ የዓይን ሞራ እንዳለባትና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነገረን። ሥራ ላይ ልቤ አልነበረም። ለአለቃዬ ነገርኩትና የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። በተመለስኩ ዕለት ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ስልኩን አየት እያደረገ «አይ ቦሮው ዩ መኒ። ስምንት ሺህ። ኖ ፕሮብሌም» አለኝ።

ደነገጥኩ። ቦሮው መበደር ነው። የእናቴን መታመም እያወቀ እንዴት ከእኔ ብር ይጠይቃል? «የለኝም» አልኩት። እሱ ግራ ገብቶት ያንኑ ቃል ደገመው። «ኖ መኒ!» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ ለሌላ ነገረች። ማታ ላይ የስፌት ክፍሉ በሙሉ «ቻይናው ከሠራተኛ ብር ይለምናል» ይል ነበር። የሰው ኃይል ክፍል ጠርቶ አነጋገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ተወ። ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም።

ከሳምንት በኋላ ቻይናዊቷ አስተርጓሚያችን እውነቱን ነገረችኝ። ያን ቀን ስምንት ሺህ ብር በፖስታ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። ሊያበድረኝ ነበር የመጣው።

እንቅልፍ አጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ? ወሬውስ እንዴት ይመለሳል? ብሩን አሁንም ልስጥሽ ቢለኝ ልቀበል? ወንድ አለቃ ለሴት ሠራተኛ ብር ሰጠ ሲባል ሰው የሚለውን ያውቁታል። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው። ቦሮው የሚለውን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ግራ የገባት፣ ከዱከም


መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ፖስታ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው አልሽኝ። ዝምተኛ ሰው በቅጡ በማያውቀው ቋንቋ የሚናገረውን አዘጋጅቶ፣ ብሩን ቆጥሮ፣ ጠረጴዛሽ ድረስ መጥቷል። ይህ እንደሚያምሽ ይገባኛል። አንቺም ግን አልዋሸሽም። የሰማሽውን ነው የተናገርሽው። እናቷ የታመመችባት ሴት አለቃዋ ብር አበድሪኝ ሲላት ባትደነግጥ ነበር የሚገርመኝ።

ስለዚህ ራስሽን መውቀሱን ለጊዜው ተይውና ይህቺን ቃል አብረን እንያት። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። የስህተቱን ሥር ካወቅሽ ይቅርታውም ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ይገባሻል።

በቻይንኛ መበደርም ማበደርም አንድ ቃል ነው። መዋስም ማዋስም እንደዚያው። ቃሉ «ጅዬ» ነው። ብሩ ከማን ወጥቶ ለማን እንደሚገባ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። አለቃሽ በልቡ ያሰበው «ዎ ጅዬ ኒ ባ ቺየን» የሚል ነገር ይመስለኛል። ቃል በቃል «እኔ፣ ጅዬ፣ አንቺ፣ ስምንት ሺህ» ማለት ነው። ለቻይናዊ ጆሮ ይህ «አበድርሻለሁ» ነው። እሱ ጅዬን አንሥቶ በቦታዋ ቦሮውን አስቀመጠ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀረ። እንግሊዝኛው ግን በዚያች አንዲት ቃል ብቻ ፊቱን አዞረ።

እነሱም ቢሆኑ አንዳንዴ ይምታታባቸዋል። «ዎ ጅዬ ለ ታ ይ በን ሹ» የሚል የታወቀ ምሳሌ አላቸው። «አንድ መጽሐፍ አዋስኩት» ሊሆን ይችላል። «አንድ መጽሐፍ ከእሱ ተዋስኩ» ሊሆንም ይችላል። እንዲያውም ሲነገር ከሰማሽው «ታ» ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ድምፁ ለሁለቱም አንድ ነው። አለቃሽ ስለ ሴት እያወራ በእንግሊዝኛ «ሂ» ብሎሽ አያውቅም? ብሎሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከዓመታት በፊት ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር በመንገድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁለት ቻይናውያን ተማሪዎች ነበሩኝ። አንድ ምሽት አንደኛው እጁን አውጥቶ መጸዳጃ ቤቱን ቦሮው ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አረምኩት። ተነሥተው ለማይሄዱ ነገሮች ቦሮው አይባልም፣ «ዩዝ» በል አልኩት። አልተከፋም። ከክፍል በኋላ ደብተሬን ተቀብሎ የጅዬን ፊደል ቀስ እያለ ጻፈልኝ። በግራ በኩል የቆመች ትንሽ ምልክት አለች። ጣቱን አስቀምጦባት «ሰው» አለኝ። ከዚያ ቃሉ የት የት እንደሚገባ ነገረኝ። በሰው መሃል ለማለፍ ሲፈልጉ «ጅዬ ግዋንግ» ይላሉ፤ ብርሃን ልዋስ እንደማለት ነው። ሰበብን ደግሞ «ጅዬ ኮ» ይሉታል፤ የተዋሱት አፍ። ያን ምሽት ወደ ቤት ስሄድ ይህን ቃል አስቤ አስቤ አልጠገብኩትም። እንዲህ ብዙ ቦታ የሚገባ ቃል በልቡ የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ በአንዲት ቦሮው ይብቃው?

እንግሊዝኛም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። «ሬንት» የሚለውን ውሰጂ። ተከራዩም ቤት ሬንት አደረግኩ ይላል፤ አከራዩም ሬንት አደረግኩ ይላል። በአማርኛ ግን ተከራየና አከራየ ተለይተው ቁጭ ብለዋል። ብድር ላይ ደግሞ የእኛ ቋንቋ ከሁለቱም ይበልጥ ይጠነቀቃል። ድስት እንዋሳለን፣ ጤፍ እንበደራለን። ያው ዕቃ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ውሰት ነው። በልተነው ወይም አጥፍተነው አምሳያውን የምንመልስ ከሆነ ብድር ነው። ሰጪና ተቀባይን ደግሞ ተ እና አ ይለዩልናል። ተዋሰ፣ አዋሰ። ተበደረ፣ አበደረ። አራት ቃል ማለት ነው። እንግሊዝኛ በሁለት ይጨርሰዋል፤ ለተቀባይ ቦሮው፣ ለሰጪ ሌንድ። ቻይንኛ በአንድ። አንቺ ከአራቱ ቤት መጥተሽ እሱ ከአንዱ ቤት መጥቶ፣ መሃል ላይ የሰው ቋንቋ ላይ ተገናኛችሁ። የእኛ ልጆችስ ብዕር ሲፈልጉ «ቦሮው ሚ» ሲሉ አልሰማሽም? እኔ በየክፍሉ ሰምቻለሁ።

ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብለሽ ማፈርሽን ግን ተይ። ቦሮው መበደር ነው ብለሽ አስተማርሽው፤ ትክክል ነሽ። አንቺ መበደር ስትዪ እሱ የሰማው ጅዬን ነው። ጅዬ ውስጥ ደግሞ ማበደርም አለ። ይህን አስቀድሞ የነገረሽ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ እሱ እንምጣ። ዓይኔን አያየኝም ብለሻል። ልጠይቅሽ። ተቆጥቶ ይመስልሻል ወይስ አፍሮ? እኔ ከሩቅ ሆኜ ሳየው ማፈር ይመስለኛል። ቻይናውያን «ሚየንዝ» የሚሉት ነገር አለ። ፊት ማለት ነው፤ በሰው ዘንድ ያለ ክብር። እኛም እኮ «ፊት ነሳኝ» እንላለን። ስሜቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደግ ሥራ ሊሠራ መጥቶ ለማኝ ተብሎ ቢሮ የተጠራ ሰው ከየትም አገር ቢመጣ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ በእኔ እይታ አንቺ ያለብሽ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ አይደለም። ፊቱ የጠፋበት ቦታ ድረስ ሄዶ መመለስም አለ።

ከይቅርታው ጀምሪ፤ አታዘግዪው። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ አይሁን፤ እንደገና መታየት አይፈልግም። በር የተዘጋበት ክፍልም አይሁን። ወሬ ያለበት ቤት ነውና ለአንቺም ለእሱም አይበጅም። የቢሮው በር ክፍት ሆኖ፣ ሰው ሲያልፍ የሚያይበት ግን የማይሰማበት ሰዓት ምረጪ። በእሱ ቋንቋ ጀምሪለት። «ድዌይ ቡ ቺ። ዎ ቲንግ ጽዎ ለ።» ይቅርታ፣ አጥፍቼ ነው የሰማሁት ማለት ነው። ድምፁን አስተርጓሚዋ አንድ ሁለት ጊዜ ታስተካክልልሽ። ከዚያ በቀላል እንግሊዝኛ ልትረዳኝ እንደመጣህ አሁን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ በዪው። እዚያ ላይ አቁሚ። አታብራሪ። ለምን እንደደነገጥሽ መዘርዘር ከጀመርሽ እሱ መልስ ማዘጋጀት አለበት፤ በእንግሊዝኛ። ያን ሸክም አታሸክሚው። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ቢያልፍሽም አይክፋሽ። ዛሬ ምንም ላይልሽ ይችላል።

ወሬው ይከብዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ግን ያው ወሬ በሄደበት መንገድ እውነቱንም መላክ ይቻላል። መጀመሪያ የነገርሻትን ጓደኛሽን ያዢ። ጥፋቱን በእሷ ላይ አታላክኪ፤ «እኔ ቃሉን አጥፍቼ ሰምቼ ነው፤ ሰውየው ለእናቴ ሕክምና ሊያበድረኝ ነበር» በያት። ሌሎቹም ባሉበት ምሳ ገበታ ላይ ያንኑ ድገሚው። አጭር ይሁን። ይህን ስትዪ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። በአንቺ መሳሳት መሳቃቸው በእሱ ክብር ላይ ከመሳቃቸው ይሻላል፤ አንቺም ይህን እንደምትመርጪ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ።

አንድ ያላነሳሽው ነገር ደግሞ አለ። የሰው ኃይል ክፍሉ አለቃሽን አነጋግሮታል። ያ ንግግር ወረቀት ላይ ሰፍሮ እንደሆነ አታውቂም። እባክሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊላቸው። የቃል አለመግባባት እንደነበረ፣ ብር እንዳልጠየቀሽ፣ ሊረዳሽ እንደነበረ። ቀን ጻፊበትና ፈርሚበት። ቅጂውን ለራስሽ አስቀሪ። ይህቺ ወረቀት ከአሥር ይቅርታ በላይ ትጠቅመዋለች ብዬ አምናለሁ። ነገ ኮንትራቱ ሲታደስ ወይም ሌላ አለቃ ሲመጣ ወሬው ተረስቶ ወረቀቱ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ስለ ብሩ ልምከርሽ። ይቅርታውንና ብሩን በአንድ ቀን አታገናኚያቸው። ይቅርታ ጠይቀሽ እግረ መንገድሽን ብሩን ብታነሺ ለብሩ ብላ መጣች ሊመስል ይችላል፤ ባይመስለው እንኳ አንቺን ይከብድሻል። እስቲ መጀመሪያ ለራስሽ መልሺ። የእናትሽ ቀዶ ሕክምና ተደርጓል ወይስ እየጠበቀ ነው? የሚጎድለው ስንት ነው? ለዓይን ሞራ አልፎ አልፎ በነጻ የሚሰጥ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ አለ፤ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ እናትሽ የሚታከሙበትን ሆስፒታል ጠይቂ። ፋብሪካው ከደመወዝ የሚቆረጥ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጥ እንደሆነም እወቂ። ዕቁብ ካለሽ ዕጣሽን እንዲያስቀድሙልሽ ሰብሳቢውን አነጋግሪ፤ ለሕመም ሲሆን እንቢ የሚል ሰብሳቢ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ካልሞላና እሱ ራሱ ድጋሚ ካነሳው፣ መቀበል ነውር የለበትም። ግን በድብቅ አይሁን። አንድ ወረቀት ላይ በአማርኛም በቻይንኛም ይጻፍ። መጠኑ፣ የተሰጠበት ቀን፣ በየወሩ ስንት እንደምትመልሺ። አስተርጓሚዋ ምስክር ትሁን። ሰው ምን ይላል ላልሽው መልሱ ይኸው ወረቀት ነው። እነሱ ዘንድ የሚባል አነጋገር አለ፤ «ዮ ጅዬ ዮ ኋን፣ ዛይ ጅዬ ቡ ናን»። ተበድሮ ለሚመልስ ዳግም መበደር አይከብደውም እንደማለት ነው። የመመለሻ ቀን ይዘሽ ብትመጪ እንደ አለመተማመን አያየውም። ይልቅ አንድ ነገር በሐቀኝነት ጠይቂ ራስሽን። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰው ምቾት የነሳሽ ንግግር ወይም ሁኔታ ነበር? ከነበረ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ብሩን አትቀበዪ፤ ምክንያት መስጠትም የለብሽም። ካልነበረ ደግሞ ደግነቱን በሰው አፍ አትመዝኚው።

የምሳ ሰዓቱን ትምህርት እኔ ብሆን አልተወውም። ይቅርታ ከጠየቅሽው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደብተርሽን ይዘሽ በተለመደው ሰዓት ተቀመጪ። ከመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ይህችው ቃል ትሁን። ብታልፏት እንደ ቁስል ትቀራለች።

ብር አታንሺ፤ እስክሪብቶ በቂ ነው። እስክሪብቶው ከእሱ እጅ ወደ አንቺ እጅ ይምጣ፤ አንቺ «አይ ቦሮው» በዪ። ያው እስክሪብቶ ገና እጅሽ ሳይገባ፣ ሁለታችሁም ይዛችሁት እያላችሁ፣ እሱ «አይ ሌንድ» ይበል። አንድ እስክሪብቶ ነው፤ የተቀባይ ቃል አንድ፣ የሰጪ ቃል አንድ። ከዚያ ተቃራኒውን አድርጉ። ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ እጁ ቃሉን ይይዘዋል። ቀጥሎ «ፍሮም» እና «ቱ» ይግቡ። ቦሮው ከፍሮም ጋር፣ ሌንድ ከቱ ጋር። ከእሱ ተበደርኩ፣ ለእሱ አበደርኩ እንደምንለው ነው።

በእሱ ቋንቋም መያዣ አለው። ቻይንኛ ማጥራት ሲፈልግ ለማበደር «ጅዬ ጌይ» ይላል፤ ጌይ መስጠት ነው። ለመበደር ደግሞ «ገን ኒ ጅዬ» ይላል፤ ካንቺ ጋር እንደማለት። እንግዲህ እንዲህ በዪው፦ በልብህ ያለው ዓረፍተ ነገር ጌይን የሚቀበል ከሆነ ሌንድ በል፤ ገንን የሚፈልግ ከሆነ ቦሮው በል። ይህን በራሱ ፊደል ደብተሩ ላይ ይጻፈው። ከማንኛውም የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

ሌንድ ሲል መጨረሻ ላይ ያለችው «ድ» ልትጠፋበት ትችላለች። በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ በ«ድ» ወይም በ«ት» የሚያልቅ ቃል የለም። ስለዚህ «ሌን» ሊልሽ ይችላል ወይም «ሌንደ»። ሁለቱንም ተቀበዪው። የትናንት ሲሆን «ሌንት» ይባላል ብለሽ ዛሬውኑ አታስጨንቂው፤ በቋንቋቸው ግስ በጊዜ አይለዋወጥምና ለሌላ ቀን ይቆየው።

ለሁለታችሁም አንድ ልማድ ልጨምር። ገንዘብ ወይም ዕቃ በተነሣ ቁጥር ማንም ሳይቀየም «ማን ይሰጣል፣ ማን ይቀበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ «ሁ ጊቭስ፣ ሁ ቴክስ?» ነው። በጣትም ማሳየት ይቻላል። ያን ቀን ጣቱ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ አንቺ ቢያመለክት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ምናልባት አለቃሽ ወደ ትምህርቱ አይመጣም። ምናልባት ትምህርቱ በዚያው ይቀራል። ሁለት ሳምንት ያህል በዚያች ሰዓት እዚያው ቁጭ በዪለት፤ አትጥሪው፣ አትላኪበት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ይታየው።

የእናትሽን ዓይን ነገር ጻፊልኝ። ፋሻው የተነሣ ዕለት መጀመሪያ ያዩት ምን እንደሆነ ንገሪኝ።